የአንድ እናት ልጆች፦ የጉጃራቲና የራጃስታኒ ደራስያን

የሕንድ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስታውሰው የቤንጋሊውን ባለቅኔ ታጎርን ነው። ይሁን እንጂ በምዕራብ ሕንድ የሚነገሩት ጉጃራቲና ራጃስታኒም የየራሳቸው ሰፊ ሥነ ጽሑፍ አላቸው። ጉጃራቲማ ከነጋዴዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ በሞምባሳ፣ በዛንዚባርና በካምፓላ ሲነገር የኖረ ቋንቋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከአንድ እናት የተወለዱት እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ዕድላቸው ስለምን ተለያየ?

ጣሊያናዊው የቋንቋ ሊቅ ልዊጂ ቴሲቶሪ (1887–1919 እ.ኤ.አ.) በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ ጽሑፎችን መርምሮ ሁለቱ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ እንደ ወጡ አሳይቷል። የ16ኛው መቶ ዓመቷ ባለቅኔ ሚራባይ ለዚህ ቅርበት ጥሩ ምሳሌ ናት። በራጃስታን ከመሳፍንት ወገን ተወልዳ ሳለ የቤተ መንግሥቱን ክብር ትታ ለክሪሽና የፍቅር መዝሙር አቀረበች። መዝሙሮቿ በቃል እየተላለፉ በሁለቱም አገር ስለተዘመሩ፣ ሁለቱም ወገኖች «የእኛ ናት» ይሏታል።

መለያየቱ ጎልቶ የታየው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በሱራት ከተማ የተወለደው ናርማድ (1833–1886) በ1858 መምህርነቱን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመተዳደር ቆረጠ። ከዕዳ ጋር እየታገለም 25 ሺህ ያህል ቃላት የያዘውን የጉጃራቲ መዝገበ ቃላት በ1873 አሳተመ። ኋላም ጋንዲ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነበር። ማተሚያ ቤት፣ መዝገበ ቃላትና ትምህርት ቤት ተባብረው ጉጃራቲን አጠነከሩት፤ በ1960 የጉጃራት ክፍለ ግዛት ሲቋቋምም የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ለመሆን በቃ።

ከዚህ ቋንቋ ደራስያን አንዱ ፓናላል ፓቴል (1912–1989) የተወለደው ዛሬ በራጃስታን ውስጥ በሚገኝ መንደር ነው። ትምህርቱን በችግር ምክንያት ቢያቋርጥም፣ በ1900 ገደማ የደረሰውን ታላቅ ረሀብ መነሻ አድርጎ በ1947 ያሳተመው ልብ ወለድ ዝናን አተረፈለት። በ1985ም የሕንድን ከፍተኛ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የጅናንፒትን ሽልማት አገኘ።

ራጃስታኒ ግን በሕንድ ሕገ መንግሥት ከተዘረዘሩት 22 ቋንቋዎች መካከል የለም፤ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በ2003 እንዲካተት ቢጠይቅም እስካሁን አልተፈጸመም። ልጆች በቤት የሚናገሩት ራጃስታኒ ሲሆን በትምህርት ቤት በብዛት የሚማሩት በሂንዲ ነው። ቪጃይዳን ዴታ (1926–2013) ይህን እያወቀ በትውልድ መንደሩ በቦሩንዳ ተቀምጦ በራጃስታኒ ጻፈ። ከባልቴቶች፣ ከእረኞችና ከአዝማሪዎች የሰማቸውን ተረቶች በአዲስ መልክ እየደረሰ በ14 ቅጾች አቀረበ። ከእነዚህ በአንዱ፣ ነጋዴ ባል ሙሽራውን ትቶ ለንግድ ሲሄድ አንድ መንፈስ የባልን መልክ ይዞ ይመጣል፤ እውነቱን ግን ለሙሽራይቱ አይደብቅም። ምርጫው የእርሷ ይሆናል። ተረቱ በ1973ና በ2005 ወደ ፊልም ተለውጧል። ዴታም በ1974 በራጃስታኒ የተሰጠውን የመጀመሪያውን የሕንድ ሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ ዕድላቸውን የለየው የቋንቋዎቹ ብቃት አይደለም፤ የማተሚያ፣ የትምህርትና የሕግ ድጋፍ ማግኘትና ማጣት ነው። ሕግ ያልደገፈውንም ቋንቋ አንድ ደራሲ በትጋቱ ሊያቆየው እንደሚችል ዴታ አሳይቷል። መምህራንም ተማሪዎቻቸው ከአያቶቻቸው የሰሙትን አንድ ተረት በሰሙበት ቋንቋ ጽፈው እንዲያመጡ ቢያዙ፣ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወደ ሕይወት ይሻገራል እንላለን።