የዜግነት ማመልከቻ ሲዘገይ

«ማመልከቻ» የሚለው ስም «አመለከተ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። አመለከተ ማለት በጣቱ ጠቆመ፣ አሳየ ማለት ሲሆን፣ ጉዳዩን ለሹም ወይም ለመሥሪያ ቤት አቀረበ የሚል ትርጉምም አለው። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለችው ጣት «አመልካች ጣት» እንደምትባል ሁሉ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ያቀረበ ሰውም «አመልካች» ይባላል። ከዚህ በፊት ያየናቸው ማመልከቻዎች ለትምህርት ቤት ወይም ለቀበሌ የሚጻፉ፣ መልሳቸውም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚታወቅ ነበሩ። አሁን የምንመለከተው ግን መልሱ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት የሚፈጅ ማመልከቻ ነው። ይኸውም በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያቀርቡት የዜግነት ማመልከቻ ነው። ከእናንተ መካከል አጎቱ ወይም አክስቱ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል የሚኖሩለት ተማሪ አይጠፋም፤ በስልክ ሲነጋገሩም «ወረቀቱ ገና ነው» ሲሉ ሳይሰማ አልቀረም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ የውጭ አገር ሰው ዜግነት ለመጠየቅ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በተጨማሪም በተለምዶ «ግሪን ካርድ» በሚባለው የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ 5 ዓመት፣ የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ አብሮ የሚኖር ከሆነም 3 ዓመት ሊቀመጥ ይገባዋል። ይህን ሲያሟላ ኤን-400 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ለዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያቀርባል። ከዚያም አሻራ ይሰጣል፤ ማንነቱና ያለፈ ታሪኩ ይጣራል፤ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል፤ በእንግሊዝኛ ቋንቋ እንዲሁም በአገሪቱ ታሪክና አስተዳደር ይፈተናል፤ ካለፈም ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ቃለ መሐላውን እስኪፈጽም ድረስ ግን፣ ፈተናውን ቢያልፍም እንኳ፣ ዜጋ አይደለም።

«ግሪን ካርድ ካለው ሠርቶ ይኖራል፤ ታዲያ ቢዘገይ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናቱ ደሴ ያሉ፣ እርሱ ግን በአሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። ቋሚ ነዋሪ የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ለማስመጣት ሊያመለክት ይችላል፤ ወላጆቹን ግን አይችልም። ወላጅን ለማስመጣት አመልካቹ ዜጋ መሆንና 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ የዚህ ሰው ወረቀት በዘገየ ቁጥር የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱም ዕድሜ የሚገፋባቸው እናትየዋ ናቸው። ሌላም አለ። ግሪን ካርድ ኖሮት በአሜሪካ ከወላጁ ጋር የሚኖር ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው ወላጁ ቃለ መሐላ ከፈጸመ፣ ልጁም ያለ ፈተና በሕግ ዜጋ ይሆናል። ወላጁ የሚምለው ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ከሆነ ግን፣ ልዩነቱ አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም፣ ልጁ በራሱ ስም አመልክቶ ወረፋ መያዝ ይኖርበታል። የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ላለው አባት የአንድ ዓመት መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመዘግየቱ ምክንያት አንድ አይደለም። የአመልካቹ ብዛት ቀዳሚው ነው፤ በ2022 የበጀት ዓመት ብቻ ከ950 ሺህ በላይ ሰዎች የአሜሪካ ዜግነት አግኝተዋል። ሥራው በየከተማው ላሉ ቅርንጫፎች ስለሚከፋፈል፣ በአንድ ቀን ያመለከቱ ሁለት ጓደኛሞች የሚኖሩበት ከተማ ስለተለያየ ብቻ መልሳቸው በወራት ሊራራቅ ይችላል። በ2020 ደግሞ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ቅርንጫፎቹ ከማርች 18 ጀምሮ እስከ ጁን መጀመሪያ ድረስ ለባለጉዳይ ተዘግተው ስለነበር ፈተናውን አልፈው መሐላ ብቻ የቀራቸው ሰዎች ሳይቀሩ ባሉበት ቆመዋል። መዘግየት ራሱም ሌላ መዘግየት ይወልዳል፤ የአሻራ ማጣሪያ የሚያገለግለው ለ15 ወራት ስለሆነ ጊዜው ካለፈ ተጠርቶ እንደገና አሻራ መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሁሉም ይልቅ አመልካቾችን ያስመረረው ግን የስም ማጣራት ነበር። ከመስከረም 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ የያንዳንዱ አመልካች ስም በኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ ውስጥ በሰፊው እንዲፈለግ በመደረጉ ብዙ ሰዎች ለዓመታት ጠብቀዋል፤ ይህ ወረፋ የተቃለለው በ2009 ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን የራሳቸው ችግር አለባቸው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በቅደም ተከተል የቆሙበት ሲሆን፣ የአሜሪካ ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ አለው። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። የፊደሉም ጉዳይ አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል፤ መጨረሻውንም አንዱ በ«ዋይ»፣ ሌላው በ«አይ» ይዘጋዋል። በዚህ ዐይነት አንዲት ፀሐይ በወረቀት ላይ አራት ሴቶች ልትሆን ትችላለች። የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ አውሮፓውያኑ ሲመለስ የሚፈጠረው ስሕተት ሲታከልበት፣ መርማሪው ማስረጃ ቢጠይቅ አያስገርምም። ስለዚህ ጥንቁቅ አመልካች የሰነዶቹን ልዩነት ገና ከመጀመሪያው በቅጹ ላይ ይገልጻል፤ ቅጹም የተጠቀመባቸውን ሌሎች ስሞች የሚጽፍበት ቦታ አለው።

እንግዲህ ማመልከቻው ዘገየ እንበል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የዘገየው ከቃለ መጠይቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው፤ ሕጉ ሁለቱን በአንድ ዐይን አይመለከታቸውምና። ከቃለ መጠይቁ በፊት መሥሪያ ቤቱን በቁርጥ የሚያስገድድ የቀን ቁጥር የለም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2000 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች ከ180 ቀን በላይ ባይፈጁ መልካም መሆኑን ገልጿል፤ ይህ ግን አሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በየቅርንጫፉ የተለመደውን የመቆያ ጊዜ ያስታውቃል፤ አመልካቹም ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሕጉ መሠረት ውሳኔ በ120 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ፣ አመልካቹ በሚኖርበት አካባቢ ላለው የፌዴራል አውራጃ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ራሱ ሊወስን ወይም መመሪያ ሰጥቶ ሊመልሰው ይችላል። በ2006 መሥሪያ ቤቱ የስም ማጣራቱ ሳይጠናቀቅ ለቃለ መጠይቅ ላለመቅጠር መወሰኑ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የሚቆጠር ቀን ካለበት ወገን የሚጠብቀው ሰው የሚቆጠር ቀን ወደሌለበት ወገን ተዛወረ ማለት ነው።

ከፍርድ ቤት በፊት የሚቀድመው ግን ደብዳቤ ነው። በአገራችን ደጅ ጥናት የቆየ ልማድ ነበር፤ ባለጉዳይ በጌታው ደጅ ቆሞ ሲውል፣ መታየቱና መታገሡ ራሱ እንደ አቤቱታ ይቆጠርለት ነበር። ከዚያ ልማድ የመጣ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ለረጅም ጊዜ ተሠቃይቼአለሁ፤ ወገን የለኝም፤ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ እዩልኝ» ይላል። ስሜቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የሚቀበለው ሠራተኛ ከዚህ ውስጥ በመዝገብ ሊፈልገው የሚችል አንድም ነገር አያገኝም። በአንጻሩ ቀጥሎ ያለውን ምሳሌ ተመልከቱ። በእርግጥ እንዲህ ያለው ደብዳቤ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አደረጃጀቱ ግን በአማርኛም ያው ነው።

«ጉዳዩ፦ ውሳኔ ያላገኘ የዜግነት ማመልከቻን ይመለከታል።
ቅጽ ኤን-400ን በኦገስት 2023 አቅርቤ፣ በማርች 12 ቀን 2024 በጽሕፈት ቤታችሁ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤአለሁ። በዕለቱ ፈተናውን ማለፌ በጽሑፍ ተገልጾልኛል። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ጁላይ 22 ቀን 2024 ድረስ 132 ቀናት አልፈዋል፤ በሕግ የተወሰነው 120 ቀን የተፈጸመው በጁላይ 10 ነው። ተጨማሪ ማስረጃ አልተጠየቅሁም። ስለዚህ ማመልከቻዬ በምን ደረጃ ላይ እንደሚገኝ፣ ከእኔ የሚጠበቅ ነገር ካለም ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የደረሰኝ ቁጥሬና የውጭ አገር ዜጋ መለያ ቁጥሬ ከፊርማዬ በታች ተጽፈዋል።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የተፈጸመውን ነገር የሚናገር ግሥ ሁሉ ቀን ወይም ቁጥር አለው፤ የጥያቄውም ግሥ «እለምናለሁ» ሳይሆን «እጠይቃለሁ» ነው። የደረሰኝ ቁጥር ማለት ማመልከቻው እንደደረሰ የሚላከው ወረቀት ላይ ያለው፣ ሦስት ፊደላትና አሥር አኃዞች ያሉት ቁጥር ነው። የደብዳቤው ቅጂ ከተላከበት ማስረጃ ጋር ይቀመጣል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ አመልካቹ ዝም ብሎ እንዳልተቀመጠ የሚመሰክርለት ይኸው ነው። መልስ ካልተገኘ የአካባቢውን የኮንግረስ አባል ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። አመልካቹ ስለ ጉዳዩ መረጃ እንዲሰጣቸው የሚፈቅድ ወረቀት ይፈርማል፤ እነርሱም መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁለታል። ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ቢሆን ይህን አገልግሎት ከመጠየቅ አይከለከልም፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ይቀራል። በአንጻሩ «ውስጥ ሰው አለኝ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል አስፈጻሚ ወረፋውን አያሳጥርም። ሕጋዊ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም በመንግሥት ፈቃድ የተሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካይ ነው።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው፤ ወጪም አለው። ከቃለ መጠይቁ በፊት የዘገየ ጉዳይ የሚቀርበው በ1946 በወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ሲሆን፣ ያም ሕግ መሥሪያ ቤቶች ጉዳዮችን በተገቢው ጊዜ እንዲፈጽሙ ያዛል። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጊዜ «ወስን» ይላል እንጂ «ስጥ» አይልም። ስለዚህ ክስ የሚያስገኘው መልስ ነው፤ መልሱም እምቢታ ሊሆን ይችላል። በማመልከቻው ውስጥ ደካማ ነገር ያለበት ሰው ይህን ከጠበቃ ጋር አስቀድሞ ማየት አለበት። ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገም በ30 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲሰማለት መጠየቅ ይችላል።

በመጠበቅ ላይ ያለ ሰው ሌላም የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። ቤት ከለወጠ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻውን ማስታወቅ አለበት፤ የቀጠሮ ደብዳቤ በቀድሞው ቤት ሲቀር ማመልከቻው እንደ ተተወ ሊቆጠር ይችላል። አገር ቤት ሄዶ ከ6 ወር በላይ መቆየት የነዋሪነቱን ተከታታይነት አጠራጣሪ ያደርጋል። ግሪን ካርዱ ጊዜው ቢያልፍበት በ2022 መጨረሻ በወጣው መመሪያ መሠረት የዜግነት ማመልከቻው ደረሰኝ ካርዱን ለ24 ወራት ያራዝመዋል።

በመሐላው ቀን አመልካቹ ግሪን ካርዱን መልሶ የዜግነት ምስክር ወረቀት ይቀበላል። በእኛ ወገን ደግሞ በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ የሚመጣው እንደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው በአዳራሹ ደስታ መካከል የሚረሳት አንዲት ሥራ አለች፤ በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ስሙን ፊደል በፊደል ማንበብ። ከአራቱ ፀሐዮች አንደኛዋ በስሕተት ገብታ ከሆነ እዚያው ሳይወጡ መናገር ያስፈልጋል፤ ከወጡ በኋላ ለማሳረም የሚሞላው ሌላ ቅጽ ነው፤ ወረፋውም ሌላ።