የጉድጓዱ ገንዘብ በኮሚቴው እጅ ሲገባ

አንድ ጎጥ የውሃ ጉድጓድ ሲጠይቅ የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ጥያቄው ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ወረዳው ዕቃ ይገዛል፤ ሥራ ተቋራጭ ይመጣል። አርሶ አደሩ የሚጠራው ለምረቃው ነው። ፓምፑ ሲበላሽም «የመንግሥት ነው» ይባልና ጎማው እስኪቀየር ወራት ያልፋሉ።

በአማራ ክልል ይህን የሚቀይር አሠራር ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በፊንላንድ መንግሥት ይደገፍ የነበረው የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2003 አነስተኛ የልማት ድጋፍን በቀጥታ ለተጠቃሚው ኅብረተሰብ መስጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ ከ2011 ወዲህ ደግሞ «ኮዋሽ» በተሰኘው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ሰፍቷል።

ተጠቃሚዎቹ የውሃ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ቢያንስ ግማሹ አባላት ሴቶች እንዲሆኑ ይጠበቃል። ኮሚቴው ያመለክታል፣ የወረዳ ባለሙያ ቦታውን አይቶ ይገመግማል፣ የወረዳው ቦርድ ያጸድቃል። ገንዘቡ ግን ወደ ወረዳው ካዝና አይገባም። አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ የሥራው ደረጃ እየታየ ለኮሚቴው ይከፍል ነበር። ሲሚንቶ የሚገዛውም ግንበኛ የሚቀጥረውም ኮሚቴው ነው። ኅብረተሰቡ ከወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን በጥሬ ገንዘብ፣ በጉልበት፣ በድንጋይና በአሸዋ ይሸፍናል። ግምቱ 200 ሺህ ብር ቢሆን ድርሻው 30 ሺህ ብር ነው፤ ለ50 አባወራ ሲካፈል 600 ብር ይደርሳል። ድንጋይ የለቀመና አሸዋ ያጓጓዘ ሰው አብዛኛውን በላቡ ከፍሏል።

የገንዘቡ መጠን ብዙ ይወራለታል። ችግር የሚፈጥረው ግን ይበልጡን ጊዜው ነው። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ መቆፈር ያለበት የከርሰ ምድር ውሃ ዝቅ በሚልበት በበጋው ማብቂያ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። በክረምት የተቆፈረ ጉድጓድ ገና ሳይጠልቅ ውሃ ያሳያል፤ በመጋቢት ከብቱም ሰውም ሲጠማ ይደርቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ማመልከቻው በመስከረምና በጥቅምት ካልተገመገመ፣ ገንዘቡ እስከ ጥር ካልተለቀቀ ቁፋሮው ሰኔ ላይ ይወድቃል። ያኔ አርሶ አደሩ ዘር ላይ ነው፤ ወረዳው ደግሞ በጀቱ እንዳይመለስ ይጣደፋል። እንዲህ ያለውን ጥድፊያ የማያውቅ የወረዳ ባለሙያ ካለ ዕድለኛ ነው!

መዘግየቱ ሌላም መዘዝ አለው። በጥቅምት የተገመተው የሲሚንቶ ዋጋ በሰኔ አይገኝም። ልዩነቱን መሙላት ያቃተው ኮሚቴም ከግማሽ ጉድጓድ ጋር ክረምቱን ይገባል።

ኮሚቴዎችም የራሳቸው የቤት ሥራ አለባቸው። ለጥገና የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት መቆጠብ ይኖርበታል፤ ውሃው ከወጣ በኋላ መዋጮ መሰብሰብ ከባድ ነው። የተገዛበት ደረሰኝ በጎጡ ስብሰባ ይነበብ። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በመንደር ሰው እጅ እንዲጠገን ተደርጎ የተሠራ ቢሆንም ጎማው ያልቃል። ኮሚቴው ጎማው በየትኛው ከተማ፣ በማን ሱቅ፣ በስንት ብር እንደሚሸጥ በርክክቡ ዕለት ጠይቆ መዝገብ ላይ ያስፍር።