ሊታደስ የሚገባው መዝገብ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ የሸዋ መናገሻ የነበረችው አንኮበር ከተራራ ጫፍ ላይ ሆና የአፋርን በረሃ ቁልቁል ስትመለከት ሳለ፣ ከ1834 እስከ 1835 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ምድሪቱ ደጋግማ ተናወጠች፤ ተዳፋቱም ተንዶ የከተማይቱን ቤቶች አፈረሰ። ይህን ነገር ከዘመኑ የውጭ አገር መንገደኞች ጽሑፍ ለቅሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ያቆየልን ኢየሱሳዊው ሊቅ ፒየር ጉዋን ነው። በግንቦት መገባደጃ 1953 ዓ.ም. ምድሪቱ እንደገና ተንቀጥቅጣ ማጀቴን ስታፈርስ፣ ካራ ቆሬን ክፉኛ ስትጎዳና ወደ ደሴ የሚያልፈውን ጎዳና ስትሰነጥቅ፣ እርሱ ራሱ በዘመኑ ነበርና ነገሩን በመሣሪያም በእግርም ተከታትሎ መዝግቦታል።

እንግዲህ የሰሜን ሸዋ አደጋ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ መሆን የሚገባው መዝገቡ ነው።

መንግሥት በ1986 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ አወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሐሳቡን ከእህል ዕርዳታ አሻግሮ፣ አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ስጋቱን ወደ መቀነስ አዞረው። በዚህ መካከል የወረዳ የአደጋ ስጋት ፕሮፋይል የሚባለው ጥናት ተጀመረ፤ ሽማግሌዎችና ሴቶች፣ ገበሬዎችና የወረዳ ባለሙያዎች ተጠይቀው ድርቁ፣ ውርጩ፣ በረዶው፣ ጎርፉና የመሬት መንሸራተቱ በየአካባቢው ተለይቶ ይጻፋል፤ ወረዳውም ከዚያ ተነሥቶ የዝግጁነትና የስጋት ቅነሳ ዕቅድ ያወጣል። ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ ከመደርደሪያ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ተዳፋቱ በየክረምቱ ሲለወጥ ወረቀቱ ባለበት ይቀራል።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ የነገሩን ምክንያት በዓይኑ ያየዋል፤ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ በረጅም ዘመን በስብሶ ከገደሉ ሥር የከመረው ልል አፈር፣ የሐምሌንና የነሐሴን ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ፣ ከታች ባለው ጠጣር ላይ ይንሸራተታል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ ባለችው ይዛባ የሆነውም ይኸው ነው፤ ማሳና መኖሪያ ቤት ጠፍቶ ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቀለ። እንዲህ ያለው መዓት አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ በማሳው ላይ የተከፈተ ስንጥቅ፣ ከቀድሞ ቦታው ተዛውሮ ከታች የፈለቀ ምንጭ፣ ግንዱ ወደ ቁልቁል ያዘመመ ዛፍ፣ እንደ ወትሮው አልገጥም ያለ የቤት መዝጊያ። ይህን ሁሉ ከማንም መሐንዲስ አስቀድሞ የሚያውቀው በዚያው የሚኖረው ገበሬ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ከቀበሌው ወጥቶ ከዕቅዱ የሚገባበት የታወቀ ቀን ያስፈልገዋል።

ቤተ ክርስቲያን የአምናውን አጽዋማትና በዓላት ለዘንድሮ አታውልም፤ በባሕረ ሐሳብ ቀምራ በየርእሰ ዓውደ ዓመቱ ታውጃለች። የአደጋ ዕቅድም በየመስከረሙ፣ የክረምቱ ቁስል ገና ሳይደርቅ፣ በቀበሌ ጉባኤ ሊነበብና ሊታረም ይገባዋል። መስከረምን የመረጥሁት ስለ ሥርዓቱ ክብር ብቻ አይደለም። በዚያ ወር የተጻፈው ስንጥቅ ለጥር የተፋሰስ ሥራ ይደርሳል፤ እርከኑና የውኃ መውረጃው በትክክለኛው ቦታ ይቀየሳል፤ ገንዘብ የሚጠይቀውም ሐምሌ 1 ቀን ለሚጀምረው በጀት በጊዜው ይቀርባል። በግንቦት የተነገረ ስንጥቅ ግን ዝናቡ ይቀድመዋል።

የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት ከልለው፣ ለድርቅና ለችግር ቀን ያቆዩት በሥርዓት ጠባቂነታቸው ነበርና፣ እንዲህ ያለው ልማድ ለአገሩ ባዕድ አይሆንም።

የዞኑና የወረዳው ሠራተኞች እጅ በየዕለቱ ችግር መያዙን አልዘነጋም፤ በቅርብ ዓመታት ደብረ ብርሃን ከሩቅ ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ወገኖችን ተቀብላ ስታኖር፣ የዛሬውን እህል የሚያድል ሰው የመጪውን ዓመት ገደል ለመመርመር ፋታ ያጣል። ስለዚህ የማደሱ ሥራ ለአንድ ባለሙያ ትጋት ሊተው አይገባም። ባለሙያው ሲዛወር ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ፣ የዕቅዱ ቅጂ በቀበሌው፣ በትምህርት ቤቱና በጤና ኬላው ይቀመጥ፤ ያረሙትም ሰዎች ይፈርሙበት።

በዕቅዱ ውስጥ የሚጻፈውም መብዛቱ አይቀርም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ሲንሸራተት፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተውጠው የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ፤ ወንድሙን ለማዳን የሚሮጥ ሰው መቼ መጠጋት እንዳለበት፣ ላዩን ተዳፋት ማን ቆሞ እንደሚጠብቅለት፣ የየትኛውም የሰሜን ሸዋ ቀበሌ ዕቅድ ሊያስረዳ ይገባዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ከዚያ የሚጎራብቱት የምንጃርና የበረኸት ቀበሌዎች፣ የትኛው የትምህርት ቤት ግድግዳ እንደተሰነጠቀና ሕፃናቱ በየት በር እንደሚወጡ በመጪው መስከረም ከዕቅዳቸው ላይ ሊጽፉ ይገባል።