መዝገብ ብቻውን ልጅን አይጠብቅም

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ይገኛል። በሽሮ ሜዳ ብዙ ሸማኔዎች አሉ። ከጋሞ ደጋና ከሌላም ገጠር ልጆች ለሽመና፣ ለቤት ሥራና ለትምህርት ወደዚህ ይመጣሉ። ወላጅ ልጁን አደራ ብሎ ለዘመድ ወይም ለደላላ ይሰጣል። ልጁ በሚያድርበት ቤት ማን እንዳለ ግን አያውቅም። ከቤቱ ሰዎች አንዱ ከዚህ በፊት ልጅ ደፍሮ የታሰረ ቢሆንስ? ወላጅ ይህን በምን ያውቃል?

በአንዳንድ አገሮች ለዚህ ጉዳይ መዝገብ አለ። በመዝገቡ የሚገባው ፍርድ ቤት በአስገድዶ መድፈር ወይም ልጅን በማስነወር ጥፋተኛ ያለው ሰው ነው። በሐሜት የሚጻፍ ስም የለም።

መዝገቡን ማን ይየው በሚለው ግን አገሮች ይለያያሉ። በአሜሪካ በ1988 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት ስለ እነዚህ ሰዎች ለሕዝብ ይገለጻል። የብዙዎቹን ስም፣ ፎቶግራፍና አድራሻ ማንም ማየት ይችላል። በእንግሊዝ መዝገቡ በፖሊስ እጅ ነው። ወላጅ ሲጠራጠር ፖሊስን ይጠይቃል። ፖሊስም አጣርቶ፣ ልጁን ለመጠበቅ ካስፈለገ፣ ለወላጁ በምሥጢር ይነግረዋል። በደቡብ አፍሪካ በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው መዝገብ አሠሪዎች ሠራተኛን ከልጆች ጋር ከማሠራታቸው በፊት እንዲያጣሩበት ነው።

ለሁሉም የተከፈተ መዝገብ ጎረቤትን ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ጉዳትም አለው። ደፋሪው አባት ወይም አጎት ከሆነ፣ የእሱ ስም ሲወጣ የተደፈረችው ልጅ ማን እንደሆነችም ይታወቃል። ሰዎችም በራሳቸው እጅ ለመበቀል ይነሳሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ሌላ ነው። መዝገብ የሚያውቀው የተፈረደበትን ብቻ ነው። ልጅን የሚደፍረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ተከራይ ወይም አሠሪ። ቤተሰብ ስማችን ይጠፋል ብሎ ዝም ይላል። ሽማግሌም ካሣ አስከፍሎ ያስታርቃል። እንዲህ የታለፈ ሰው በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ነገ ሌላ ሰፈር ሄዶ የሌላ ልጅ ጎረቤት ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከክስ ይድን ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን ይህ ቀርቷል። ጋብቻ ከክስ አያድንም። ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ልጅን ወደ ከተማ ከመላክ በፊት ከማን ጋር እንደሚኖርና የት እንደሚያድር በሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሄደም በኋላ አዘውትሮ ድምፁን መስማት ነው። የትምህርት ቤት ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ከወንጀል ነጻ የሚል የፖሊስ ማስረጃ ይጠይቅ። ማስረጃው ግን ሁሉን አያሳይምና ልጁ ራሱ ሲናገር ማመን ይገባል።

ጉዳት ከደረሰ ገላም ልብስም ሳይታጠብ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። እርግዝናን የሚከላከልም አለ፤ ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። የሐኪሙ ምርመራ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ ይገኛሉ። ፖሊስን በ991 መጥራት ይቻላል።

መዝገብ የሚጻፈው ሰው ሲናገር ነው። ዛሬ የሚያመለክት ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ ሳይሆን የማያውቀውን የሌላ ሰው ልጅም ይጠብቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. መዝገቡን ሁሉም ሰው ቢያየው ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው?
2. በእርቅ የታለፈ ደፋሪ ለሌላ ሰፈር ልጆች ለምን ያሰጋል?
3. ልጅ የተደፈረችበት ጎረቤት ቢኖራችሁ መጀመሪያ ምን ትመክሩታላችሁ?