ማቀዝቀዣና ምጣድ፦ ከመርካቶ ወይስ ከስልክ?

በአዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሻ ሰው፣ በጠላት ወረራ ዘመን ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወደ ተተከለው መርካቶ ወርዶ፣ ከሱቅ ሱቅ ተዘዋውሮ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ዕቃውን በወዛደር አሸክሞ መመለስ የኖረ ልማዱ ነበር። አሁን ግን የዚያው ዕቃ ሥዕል በቴሌግራም ቻናል ወጥቶ፣ ከሥሩም ስልክ ቁጥርና «ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» የሚል ቃል ተጽፎበት፣ ገበያው ራሱ ወደ ገዢው ቤት ይመጣል፤ ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሒሳብ መክፈል የጥቂት ደቂቃ ነገር ሆኗል።

ይህን አዲስ ልማድ ከሚነቅፉት ወገን አልቆምም። ስድስቱን ቀን በሥራ ተጠምዳ፣ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስማ ልጆቿን የምታሰናዳ እናት፣ መርካቶ የምትውልበትን ጊዜ ከየት ታመጣለች? በሱቁም ዋጋው በዕቃው ላይ ሳይለጠፍ፣ ሻጩ የገዢውን ልብስና አነጋገር አይቶ የሚቆርጠው ሲሆን፣ የዋሁ ከብልጡ አብልጦ ይከፍላል። ዋጋውን ከነሥዕሉ ለሁሉ እኩል የሚገልጥ ነጋዴ ለድኻው ፍትሕን ያደርጋል፤ «ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ግን የሱቁን ክፉ ልማድ ወደ ስልኩ ማሻገሩ ነው።

ሆኖም ሥዕል የማይናገረው ነገር አለ። ምጣድ የምትገዛ ባለሙያ ሴት ሸክላውን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ታዳምጣለች፤ የነቃው ድምፁ የታፈነ፣ ደኅነኛው ግን የጠራ ነውና። ምጣዱ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ የሚስብ ስለ ሆነ፣ ገመዱ እንዳይግል ውፍረቱን ጨብጣ ትመረምራለች። የማቀዝቀዣም ሥዕል ፊቱን እንጂ ከኋላው የተለጠፈችውን ታናሽ ሰሌዳ አያሳይም፤ የሀገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ዕቃው ለአሜሪካ 120 ቮልት ወይም ለሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርዝ የተሠራ መሆኑ የሚነበበው በዚያች ሰሌዳ ላይ ነው። ከዓረብ ሀገር መጥቶ በእጅ አዙር የሚሸጥ ዕቃ ብዙ እንደ መሆኑ መጠን፣ ሰሌዳዋን ሳያነቡ ቀብድ መስጠት ነዋይን ለጥፋት ማጋለጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የተጠያቂው ነገር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ስውር ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በስልክና በኮምፒዩተር የሚፈጸመውን ንግድ በሕግ ሥር አስገብቶታል። ነገር ግን የማቀዝቀዣው ሞተር በሦስተኛው ወር ቀጥ ቢል፣ ገዢው በስልክ ቁጥር ብቻ የሚያውቀውን ሰው በየትኛው ደጅ ቆሞ ይከስሰዋል? ቻናል ከፍተው ከሚሸጡት መካከል ዕቃው በእጃቸው የሌለ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ከመርካቶ ገዝተው ትርፍ ጨምረው የሚልኩ አሉ፤ ባለሱቁ ገዢውን አያውቅም፣ ገዢውም ባለሱቁን አያውቅም። ባለሱቁ ቢያንስ ደጁ ይታወቃል፤ እርሱም ግን «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ብሎ የዋስትናውን ወረቀት ባዶውን ከሰጠ፣ በጎነቱን በገዛ እጁ አጠፋው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለንግድ ቢሮዎች ነው፦ በስልክ የሚሸጥ ሁሉ ከዕቃው ሥዕል ሥር ስሙን፣ የንግድ ፈቃዱን ቁጥርና የሱቁን ወይም የመጋዘኑን አድራሻ እንዲጽፍ፣ የኋላዋንም ሰሌዳ ፎቶግራፍ አብሮ እንዲያወጣ፣ ዕቃውን በሚያደርሰው ሰው እጅም ደረሰኙ እንዲላክ ያስገድዱልን፤ ገዢውም ዕቃው ቤቱ ደርሶ፣ ተሰክቶ፣ መሥራቱን አይቶ ሒሳቡን እንዲከፍል ይፈቀድለት።