«ዳነ ብለን ክኒኑን ተውነው»

በደባርቅና በዳባት በነርስነት ስሠራ፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ልጆች ቤተሰቦች አዘውትሬ የሰማሁት «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ቅሬታ አይደለም። «ዳነ ብለን ተውነው» የሚል ነው።

አንዲት አያት ከአእምሮዬ አይጠፉም። ሊማሊሞ አፋፍ አጠገብ ካለች መንደር የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸውን እየመሩ በየወሩ በእግራቸው ይመጡ ነበር። ልጁ ፌኖባርቢታል ከጀመረ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ አልጣለውም። ከዚያ ቀሩ። ከሁለት ወር በኋላ ብቅ ሲሉ የልጁ ቀኝ እጅ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል።

«እማማ፣ ምን ሆነ?»

«ምን ልበልሽ ሲስተር፤ ልጁ ደኅና ሆነ፣ ለደኅና ልጅ ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል ብዬ ተውኩት። በዘጠነኛው ቀን ማታ እሳት ዳር እንደተቀመጠ ጣለው። ከጓዳ እስክወጣ እጁ ፍሙ ውስጥ ነበር።»

በደጋው ብርድ ሰው የሚሰበሰበው እሳት ዳር ነው። እዚያ ወድቀው የተቃጠሉ ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዱ በቶሎ ያልተነሣው ጎረቤት «ለሀጩ ይጋባል» ብሎ ስለሸሸ ነው። አይጋባም። በምራቅም በትንፋሽም አይተላለፍም። ከእሳት አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፤ ክብሪት ማሸተቱም አይረዳውም። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ግን ወደ ሕክምና ሩጡ።

አያቲቱን አልተቆጣኋቸውም። «እማማ፣ ቤትዎ አላፈሰሰም ብለው ክረምቱ ሳይወጣ ጣራውን ያነሡታል?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ክኒኑን ቆጥሬ ሰጠሁ እንጂ፣ በሽታውን ይዞ የሚያቆየው በየቀኑ ሲወሰድ ብቻ እንደሆነ አላስረዳኋቸውም ነበር። በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ከቀድሞው የከፋና ሳያባራ የሚደጋገም መጣል ያመጣል፤ ሕይወትም ያሳጣል።

መድኃኒቱን ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን አልዘነጋም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፣ ከ1000 ሰው አምስቱ ገደማ በሽታው እንዳለባቸውና ከነዚህም መደበኛ ሕክምና ላይ ያሉት ከ100 ሁለት እንደማይሞሉ አሳይቷል። በኋላ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ነርሶች ሠልጥነው በየጤና ጣቢያው ሕክምናውን መስጠት ሲጀምሩ፣ መንገዱ ለብዙዎች አጠረ። የቀረው ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ነው። እሱን ደግሞ ከእናትና ከአያት የተሻለ የሚሠራው የለም።

እኚያ አያት ማንበብ አይችሉም። ግን ዘዴ ፈጠሩ። በአንድ ጣሳ 30 ባቄላ ቆጥረው ያስቀምጣሉ፤ ማታ ልጁ እራት በልቶ ክኒኑን ሲውጥ አንዱን ፍሬ ወደ ሌላው ጣሳ ያሻግራሉ። ባቄላው ሰባት ሲቀር ወደ ጤና ጣቢያ ይነሣሉ፤ እስኪያልቅ አይጠብቁም። ክኒኑ ራሱ ግን ትንንሽ ልጆች እንዳይደርሱበት ከፍ ብሎ ይሰቀላል። አንድ ማታ ቢረሳ በማግስቱ ለማካካስ ሁለት አይሰጥም። እኔ ይህንን ዘዴ ከእሳቸው ወስጄ ስንቱን አስተማርኩበት! ክረምት ሲቃረብ፣ ወንዝ ሳይሞላ፣ የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ልጁ ትምህርት ቤት የሚያንቀላፋ ወይም የሚቅበጠበጥ ከሆነ መጠኑን በገዛ እጃችሁ አትቀንሱ፤ ለሰጣችሁ ባለሙያ ንገሩ። የደረሰች ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ከሠርጉ በፊት ትማከር። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ፤ ሶዲየም ቫልፕሮዬት ጽንስን ይጎዳል። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራስ ማቆም ግን ሌላ አደጋ ነው።

ስለ ጠበል ልናገር። እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ያስቸገረን «መድኃኒቱን ካልተዋችሁ አይሠራም» የሚለው ምክር ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒትና ስለ ጠበል ሲናገሩ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጋጩ ገልጸው ነበር። ለሚጥል በሽታም እንደዚያው ነው። ፌኖባርቢታል በአብዛኛው በቀን አንዴ ማታ ስለሚወሰድ ጾም አያስፈታም፤ ጠዋትም የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ወደ ጠበል ስትሄዱም ብልቃጡን ከስንቁ ጋር ያዙት።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከአዲአርቃይ አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖች ደባርቅና ዳባት ሲገቡ፣ ክኒናቸውን ቤት ጥለው የወጡ ነበሩ። የመድኃኒቱን ስም የማያውቀው «ነጭ፣ ትንሽ» ይላል። ነጭና ትንሽ ክኒን ስንት ነው! የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት አጽፋችሁ ከመታወቂያ ጋር አስቀምጡ፤ ወይም የልጅ ልጃችሁ ካርዱን በስልኩ ፎቶ ያንሣው።

«እስከ መቼ ነው?» ትሉኛላችሁ። ቢያንስ ሁለት ዓመት ምንም ሳይጥለው ከቆየ በኋላ ማቆም ይቻል እንደሆነ ባለሙያው ያያል። የሚቆመውም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ዕድሜ ልክ የሚወስድም አለ።

ያ ልጅ መውሰዱን ቀጥሏል። ሲቀነስለት እንደገና ስለጣለው ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። አሁን ጎረምሳ ነው፤ እንደ ጓደኞቹ ለሰሊጥ አረም መተማ ይወርዳል። አረቄ እንዳይቀምስ፣ እንቅልፍ እንዳያጣ፣ ሕመሙን ለአንድ ታማኝ ጓደኛ እንዲነግር መክሬዋለሁ። ከመሄዱ በፊት የሦስት ወሩን ተቀብሎ ይሄዳል።

አያቱ ባቄላውን አልተዉም። እሱ ቤት ባይኖርም ማታ ማታ አንድ ፍሬ ያሻግሩና ስልኩ ላይ ደውለው ይዘጋሉ። እሱም መልሶ ደውሎ ይዘጋል፤ ዋጥኩ ማለቱ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ፍሬዋን ለብቻዋ ያስቀምጧታል፤ ሲያገኙት «የሐሙሷንስ?» ብለው ይጠይቁታል።