ስድስት በሮች፣ ስድስት ተዋጊዎች
(የፖኬሞን ቡድን እንዴት ይሠራል?)

ሐረር ሄደው እንደሆነ ሸዋ በርን ሳያዩ አልተመለሱም። ሐረሪዎች «አስመዲን በሪ» የሚሉት ይህ በር፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ወደ ሸዋ የሚወስደውን መንገድ ይመለከታል። በአጠገቡ ገበያ አለ፤ ገበያ ባለበትም ሻይ ቤት አይጠፋም።

ባለፈው ክረምት ከነዚህ ሻይ ቤቶች ባንዱ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለት ወጣቶች በየስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሲጫወቱ አየሁ። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ከያዘ ዓመት ያልሞላው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ውላቸው የተሸነፈ የሻይ እንዲከፍል ነበርና እኔ በተቀመጥሁበት ጊዜ ውስጥ ብቻ ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ከፈለ።

«ዕድል የለኝም!» አለ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እያኖረ።

«ዕድልስ አለህ፤ የሌለህ ቡድን ነው» ሲል ተማሪው መለሰለት።

ነገሩ የሻይ ብቻ አልነበረም። ጸሐፊው በኋላ እንዳጫወተኝ «ሽንፈቴን ሳልመልስ አልተኛም» እያለ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወት እያመሸ፣ ሁለት ቀን አርፍዶ ቢሮ ገብቶ ኖሮ አለቃው አስጠንቅቀውታል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእርሱና እርሱን ለመሰሉ ሁሉ ነው። ደክሞ መሸነፍ ያናድዳል፤ ለምን እንደተሸነፉ ሳያውቁ መሸነፍ ግን ከዚያ ይብሳል።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ሁለቱ ወጣቶች የሚጫወቱት ፖኬሞን የሚባለውን ጨዋታ ነው። ያሰበው ሳቶሺ ታጂሪ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው በልጅነቱ ነፍሳትን እየያዘ ያጠራቅም ከነበረበት ልማድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በየካቲት ወር 1988 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1996) በጃፓን ለገበያ ወጡ። ያንጊዜ ሁለት ጓደኛሞች ጌም ቦይ የተባለውን ትንሽ መሣሪያ በገመድ አገናኝተው ፍጡራኑን ይለዋወጡና ያዋጉ ነበር። በመጀመሪያ የፍጡራኑ ቍጥር 151 ነበር፤ ዛሬ ግን ከ1000 በላይ ሆነዋል።

ሕጉ አጭር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ፍጡራን ይይዛል። እያንዳንዱ ፍጡር አራት ዘዴዎች ብቻ ይዞ ይገባል። ደግሞም ሁሉም ከ18 ወገኖች መካከል የአንዱ ወይም የሁለቱ አባል ነው፤ እሳት፣ ውሃ፣ ሣር፣ ኤሌክትሪክ፣ ድንጋይ፣ በራሪ፣ ብረት እያለ ይቀጥላል። ውሃ እሳትን ይረታል፣ እሳት ሣርን ይረታል፣ ሣር ደግሞ ተመልሶ ውሃን ይረታል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ሁሉን የሚያሸንፍ ንጉሥ የለም።

«መሣሪያው ውድ ነው፤ በእኔ ደመወዝ አይሞከርም» የሚሉ አንባቢ ቢኖሩ አይሥጉ። ከ2011 (እንደ ፈረንጆች) ጀምሮ ፖኬሞን ሾውዳውን የተባለ የነጻ መጫወቻ በኢንተርኔት ይገኛል። በተራ ስልክ ይከፈታል፤ ፍጡራኑን ማሳደግ ሳያስፈልግ ቡድንዎን ጽፈው ወዲያው ይገጥማሉ። የሸዋ በሮቹ ወጣቶችም የሚጫወቱት በዚሁ ነበር።

የጸሐፊው ስሕተት

ጸሐፊው ቡድኑን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ከስድስቱ አራቱ ቻሪዛርድ፣ ጋይራዶስ፣ ድራጎናይትና ሳላመንስ ነበሩ። አራቱም ስመ ጥር ናቸው፤ አራቱም ግን የበራሪ ወገን ናቸው። በራሪን ደግሞ ድንጋይ በእጥፍ ይጐዳዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ኃይሉ 75 የሆነ አንድ የድንጋይ ጥቃት አለ እንበል። የሚሰነዝረው ራሱ የድንጋይ ወገን ከሆነ ኃይሉ በ1.5 ይባዛል። የሚመታው ቻሪዛርድ ከሆነ፣ ቻሪዛርድ እሳትም በራሪም ነውና እሳቱ በእጥፍ፣ በራሪውም በእጥፍ ይጐዳል፤ ድምሩ አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ 75 የነበረው 450 ሆነ ማለት ነው። ይኸው ጥቃት በብረት ወገን ላይ ቢያርፍ ግን በግማሽ ይቀንስና 56 ገደማ ይሆናል። ድንጋይ ወርዋሪው ያው ነው፣ ድንጋዩም ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሚቀበለው ነው።

ተማሪው ይህን ስላወቀ አንድ ጠንካራ የድንጋይ ተዋጊ ብቻ አስገብቶ አራቱን በየተራ ጣላቸው። ጸሐፊው ስድስት ተዋጊ የያዘ መሰለው እንጂ፣ በእውነቱ የያዘው አንድ ድክመት አራት ጊዜ የተደጋገመበት ቡድን ነው።

እዚህ ላይ ከሻይ ቤቱ ወጥተን በሩን እንመልከት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አሚር ኑር ሐረርን በግንብ ሲያስከብቡ በሮቹን ሁሉ ባንድ ጎን አላስከፈቱም። ፈላና በር ወደ ሰሜን፣ ኤረር በር ወደ ምሥራቅ፣ ቡዳ በር ወደ ደቡብ፣ ሸዋ በር ወደ ምዕራብ ይመለከታሉ፤ ሰንጋ በር አምስተኛው ነው። ስድስተኛው፣ ሐረር በር የሚባለው፣ በኋላ ዘመን ተጨመረ። እያንዳንዱ በር የራሱ አቅጣጫና የራሱ ሥራ አለው። ቡድንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ የማያየውን ሌላው ማየት አለበት።

ትንሹ ፍጡር በዋሽንግተን

«ታዲያ ጠንካራ ጠንካራውን ከየወገኑ አንዳንድ ብመርጥ አይበቃም?» ይሉ ይሆናል። አይበቃም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በነሐሴ 2006 ዓ.ም. (2014) በዋሽንግተን ዲ.ሲ. የተደረገው የዓለም ውድድር ነው።

በይፋዊው ውድድር ሁለት ሁለት ፍጡራን ባንድ ጊዜ ሜዳ ይገባሉ። ኮሪያዊው ሴ ጁን ፓርክ ከስድስቱ አንዱ አድርጎ ፓቺሪሱን ይዞ ቀረበ። ፓቺሪሱ የኤሌክትሪክ ወገን የሆነች፣ ሽኮኮ የምትመስል ትንሽ ፍጡር ናት፤ ጕልበቷ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን የጠላትን ጥቃት ወደ ራሷ የምትስብበት ዘዴ አላት። ተፈጥሮዋም ኤሌክትሪክ ሲመታት ከመጐዳት ይልቅ እንድታገግም ያደርጋታል።

አሁን ከጐኗ የቆመውን እንይ፤ ጋይራዶስ ነው። ጋይራዶስ ውሃም በራሪም ስለሆነ ኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ይጐዳዋል። ፓቺሪሱ አጠገቡ ስትቆም ግን ሊገድለው የመጣውን መብረቅ ተቀብላ ራሷ ትጠነክርበታለች፤ ጋይራዶስም ያለ ሥጋት ይመታል። ፓርክ በዚህ ቡድን የዓለም አሸናፊ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ከአገራችንም ምሳሌ አናጣም። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ በፍጻሜው ግጥሚያ ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥታ ግብፅን 4 ለ 2 ረታች። አራቱን ግቦች ያገቡት አራት ልዩ ልዩ ተጫዋቾች ናቸው። ግብፆች አንዱን ቢይዙ ሌላው ይመጣባቸው ነበር።

ታዲያ እንዴት ይጀመራል?

አንደኛ፤ ከስድስት አይጀምሩ፣ ከሁለት ይጀምሩ። አንዱ የሌላውን ድክመት የሚሸፍንለት ጥንድ ይምረጡ። ከዚያ ለጥንዱ የሚያስቸግረውን እየጠየቁ ሌሎቹን አራቱን ይጨምሩ።

ሁለተኛ፤ የድክመት መዝገብ ይሥሩ። በአንድ ወረቀት በግራ በኩል 18ቱን ወገኖች፣ ከላይ ስድስቱን ፍጡራን ይጻፉ። የሚጐዳውን ሁሉ ምልክት ያድርጉበት። ከአንድ ወገን አጠገብ ሦስት ምልክት ካዩ አንዱን ይለውጡ።

ሦስተኛ፤ ስለ ፍጥነት ያስቡ። ቀድሞ የሚመታ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ስለዚህ የወገንን ፍጥነት ለአራት ተራ በእጥፍ የሚያሳድግ ዘዴ አለ፤ ደግሞ ለአምስት ተራ ዝግተኞቹ እንዲቀድሙ ነገሩን የሚገለብጥ ሌላ ዘዴ አለ። አንዱን ይምረጡና ቡድኑን በእርሱ ልክ ይሥሩ። ግማሹ ፈጣን፣ ግማሹ ዝግተኛ የሆነ ቡድን ግን ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

አራተኛ፤ ሥልጠናውን እንደ ደመወዝ ይደልድሉ። እንደ ፈረንጆች ከ2013 እስከ 2022 በወጡት ዋና ዋና ጨዋታዎች አንድ ፍጡር የሚሰጠው የሥልጠና ነጥብ በጠቅላላ 510 ነው፤ ለአንድ ችሎታ ከ252 በላይ አይፈቀድም። ችሎታዎቹ ስድስት ናቸው። ለሁሉም እኩል ያካፈለ ሰው በየትኛውም ላይ አይጠቀምም፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ለይቶ ለዚያ ማዋል ይሻላል። የቤት ኪራይ ሳይከፍል ደመወዙን ለሁሉም ጥቂት ጥቂት የሚበትን ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ያውቃሉና።

አምስተኛ፤ ከዕድል ጋር ሒሳብ ይያዙ። ኃይሉ 110 የሆነ የነጐድጓድ ጥቃት አለ፤ የሚያገኘው ግን ከ100 ሙከራ 70ውን ነው። ኃይሉ 90 ሆኖ የማይስት ሌላም አለ። 110 በ70 ከመቶ ሲሰላ 77 ነው፤ ስለዚህ አስተማማኙ ይበልጣል። ያ ነጐድጓድ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የማግኘቱም ነገር ከመቶ 49 ብቻ ነው። ጸሐፊያችን «ዕድል የለኝም» ያለው በዚህ ነጐድጓድ ተማምኖ ነበር።

መሸነፍን መማር

የመጨረሻው ምክር ግን ስለ ቡድኑ ሳይሆን ስለ ተጫዋቹ ነው። ለጸሐፊው የነገርሁት ይህን ነበር፤ በሳምንት አሥር ግጥሚያ ብቻ ተጫወት፤ ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ «የተሸነፍሁት በየትኛው ተራ ነው? ምን ባደርግ ኖሮ ይቀየር ነበር?» ብለህ ሁለት መስመር በደብተር ጻፍ፤ አሥሩ ሲያልቁ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። ተናድዶ ወዲያው የሚገጥም ደግሞ ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ሻይ ቤት ሳልፍ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ደብተሩን አሳየኝ። ሁለቱን በራሪዎች አስወጥቶ አንድ የብረትና አንድ የሣር ወገን አስገብቷል። ከአሥሩ ግጥሚያ አምስቱን አሸንፏል፤ ከተሸነፈባቸው ከአምስቱ ሦስቱ ከገዛ ስሕተቱ፣ ሁለቱ ከዕድል እንደመጡ ለይቶ ጽፏል። ቢሮም በሰዓቱ እንደሚገባ ነገረኝ።

«የዛሬውን ሻይ ማን ከፈለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ተማሪው እጁን ወደ ኪሱ እያስገባ ሣቀ።

አንባቢ ሆይ! ዛሬ ማታ ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወረቀትና እርሳስ ይፈልጉ። ስድስቱን ስም ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱም ስም አጠገብ «ይህ የሚጠብቀው በር የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያጡለት ካለ፣ የሚለወጠው እርሱ ነው።